የኩባያው ጠርዝ

ወንድሜ ሲናገር የድምፁ ግማሽ በአፍንጫው ይወጣ ነበር። ስልክ አንስቶ «ሃሎ» ሲል «ማን ልበል?» ያለው ሰው አላጋጠመኝም። ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ነበር። ደንበኞቹ ሊቀልዱበት ሲያስቡ እሱ ይቀድማቸዋል። «የስንቱን ድምፅ አስተካክዬ ለራሴ መለዋወጫ አጣሁ» ይላል። ሰው ይስቃል። እኔም አብሬ እስቅ ነበር፤ እየሳቅኩ ግን ዓይኔን ከዓይኑ አሸሻለሁ።

ከሞተ አራት ወር ሆነው። ለቅሶ የመጣው ሁሉ የሚያነሳው ያንን ድምፅ ነበር። ከየት እንደመጣ የጠየቀ የለም። የማውቀው እኔ ነኝ።

ሰባት ዓመቴ ነበር። እሱ ገና ዓመት ከሁለት ወሩ ነው፤ ጩጬ እንለው ነበር። እናታችን ልብስ ሰፊ ነበረች። የስፌት መኪናዋ ከፊት ለፊቱ ክፍል መስኮት ሥር ይቀመጣል፤ እኛ ከኋላ ባለው ክፍል እንተኛለን። አባታችን የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ብቅ ብሎ፣ ሁለት ቀን ተኝቶ ይሄዳል።

ጩጬ ከንፈሩ ደህና ነበር። ሲያለቅስ ግን ላንቃው ይታያል፤ መሃል ለመሃል ክፍት ነው። ጡት መሳብ አልቻለም። እናቴ የጡጦውን ጫፍ በጋለ መርፌ አስፍታ፣ ቀና አድርጋ ይዛው፣ ጠብ ጠብ እያደረገች ነው ያሳደገችው። ከጠጣው ሩቡ በአፍንጫው ይመለሳል። ትከሻዋ ላይ ሁልጊዜ ጨርቅ አለ። እስከዛሬ የወተትና የመኪና ዘይት ሽታ አንድ ላይ ከሸተተኝ እሷ የመጣች ይመስለኛል።

ከኛ ጋር ግድግዳ የምትጋራ ጎረቤት ነበረችን። ልጇን ሚጢጢ እንላት ነበር፤ ሁለት ዓመቷ ነው። ከንፈሯና ጥፍሮቿ ወደ ሰማያዊ ያደላሉ። ሦስት እርምጃ ትሄድና ቁጢጥ ትላለች፤ ትንሽ አርፋ ደግሞ ሦስት እርምጃ። ጨዋታ መስሎኝ አብሬያት ቁጢጥ እል ነበር።

ሚጢጢን የምታያት የጤና ጣቢያ ነርስ ነበረች፤ ሰፈሩ ሁሉ ሲስተር ይላታል። ረጅም ሴት ናት፤ ጥቁር ቦርሳዋን ክንዷ ላይ አንጠልጥላ ስትመጣ ጫማዋ ከሩቅ ይሰማል። አንድ ቀን ደጃፋቸው ላይ ቆሜ ሳይ፣ ከቦርሳዋ ትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ አውጥታ ሽሮፕ ቀዳችላት። ሚጢጢ በሁለት እጇ ይዛ ግጥም አደረገችው።

«ጎበዝ!» አለች ሲስተር አጨብጭባ። «አሁን ዝግጁ ነን።»

በማግስቱ ሚጢጢን በቢጫ ብርድ ልብስ ጠቅልላ ይዛት ሄደች። እናትየዋ ከኋላ ከኋላ ትሮጣለች። በስድስተኛው ቀን ሲስተር ተመለሰች። ብርድ ልብሱ በአራት ታጥፎ ክንዷ ላይ ነበር።

«ሚጢጢስ?» አልኳት እናቴን።

«ሂጂ ተጫወቺ።»

«ሲስተር የት አደረገቻት?»

«ሂጂ ተጫወቺ አልኩሽ እኮ!»

የሚጢጢ ልብ ሲፈጠር ጀምሮ ችግር እንደነበረበት፣ ሲስተርም እንዲያክማት ሐኪም ለማሳመን ሳምንታት ደጅ ስትጠና እንደከረመች ያወቅኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። ብርድ ልብሱን ለእናትየዋ ስትሰጥ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ እንደነበር አስታውሳለሁ። ያኔ የመሰለኝ ግን እንዳትታይ የምትደበቅ ነው።

ከሦስት ወር በኋላ ያ ጫማ ከኛ በር ላይ ቆመ።

እናቴ ወንበር አቀረበችላት። እኔ መኪናው ሥር ብጣሽ ጨርቅ ስለቅም ነበር፤ እዚያው ቀረሁ።

«ሐኪሞቹ የዛሬ ወር ይመጣሉ» አለች ሲስተር። «የሚቀመጡት ዐሥር ቀን ብቻ ነው። ላንቃውን ይሰፉለታል።»

«በምን?» አለች እናቴ።

«በክር ነዋ! አንቺ አይደለሽ እንዴ ልብስ ሰፊዋ?»

ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። የመኪናው መርፌ የእናቴን ጠቋሚ ጣት ከነጥፍሩ ሲበሳው አይቼ ነበር። ከመርፌው ሥር ጩጬ በጀርባው ተጋድሞ፣ አፉን ከፍቶ፣ መርፌው ሲወርድበት ታየኝ። ብጣሹን ጨርቅ አፌ ውስጥ ከተትኩት።

«አንድ ነገር ግን አለ» አለች ሲስተር፣ ድምፅዋን ጠበቅ አድርጋ። «ከተሰፋ በኋላ ጡጦ ክልክል ነው። ጡጦ ከገባ ስፌቱ ይተረተራል። ስለዚህ ከወዲሁ ጡጦውን ትቶ በኩባያ መጠጣት አለበት። ካልቻለ አይወስዱትም፤ እቅጩን ልንገርሽ። ለዚያች ተራ ስንት እናት እንደምታለቅስ ብታዪ!»

«ይችላል፤ ልጄ ብልጥ ነው» አለች እናቴ።

ሲስተር ቦርሳዋን ከፈተች። ያችኑ ኩባያ አወጣች። እንደሷ ያለች መቶ ኩባያ ልትኖር ትችላለች፤ ለኔ ግን የሚጢጢ ናት። ቀጥሎ መቀስ አወጣችና የጠርዙን አንድ ጎን እንደ ግማሽ ጨረቃ ቆረጠችው። ቁራጩ እግሬ ሥር ወደቀ።

«በተቆረጠው በኩል አፍንጫው ይገባል፤ አንገቱን ወደ ኋላ ሳይጥል ይጠጣል። ባልተቆረጠው ያጠጣሉ።» ከዚያ ወደ መኪናው ሥር ጎንበስ አለች። «ነይ እስቲ ታላቅ እህት፣ አይጥ ይመስል ምን ትሠሪያለሽ እዚያ? እናትሽ ሥራ ስትይዝ የምታጠጪው አንቺ ነሽ።»

እጄን ያዘችኝ። እጇ ቀዝቃዛ ነበር። ኩባያውን አስያዘችኝና ወደ ጩጬ አፍ መራችኝ።

«ጠርዙን ታች ከንፈሩ ላይ አሳርፊ። ወተቱ ከንፈሩን እስኪነካ ብቻ አዘንብዪ። እንዳታፈሺበት። ጠብቂ። እሱ ይምጣ።»

ጩጬ መጀመሪያ በምላሱ ቀመሰው። ቀጥሎ ጠርዙን ነከሰ። ከዚያ ከንፈሩን አሞጥሙጦ ወደ ወተቱ መጣ።

እናቴ ወተቱን በትንሽ ዱቄት ወፈር አድርጋ ታፈላልኝና ወደ መኪናዋ ትመለሳለች። ጡጦውን ቁምሳጥኑ አናት ላይ ሰቅላዋለች። እኔ ጩጬን ትራስ አስደግፌ፣ አንገቱ ሥር ጨርቅ አድርጌ አጠጣዋለሁ። አራት ቀን በደንብ አጠጣሁት። እውነት ለመናገር ኮራሁም። በአምስተኛው ቀን ሦስት ጉንጭ አከታትሎ ዋጠ፤ በአፍንጫው አንድ ጠብታ ብቻ ነው የተመለሰው። እጄን አጨበጨብኩ።

«ጎበዝ!» አልኩት።

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ክው አልኩ። ሚጢጢ ጨርሳ ስትጠጣ ሲስተር ያለችው ይህንኑ ነው። በማግስቱ ነው ብርድ ልብሱ የመጣው። ጩጬ ሳቀልኝ፤ አገጩ ላይ ወተት አለ። እኔ አስተማርኩት፣ እኔ ዝግጁ አደረግኩት አልኩ በልቤ። እራቴን አልበላሁም።

በማግስቱ የእናቴ መኪና ሲንኳኳ እየሰማሁ ጠርዙን ታች ከንፈሩ ላይ አሳረፍኩ። እሱ አምኖኝ አፉን ከፈተ። ያለውን በሙሉ ገለበጥኩበት።

ዓይኖቹ ፈጠጡ። ወተቱ በሁለቱም አፍንጫዎቹ ወጣ። ድምፅ የለውም። ያስፈራኝ እሱ ነው፤ ያለቅሳል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። አፉ ተከፍቶ ምንም አይወጣም። ከንፈሩ የሚጢጢን ከንፈር መሰለ። «እማዬ!» ማለት ፈልጌ እኔም ድምፅ አጣሁ፤ በእግሬ ወለሉን ደበደብኩ።

የመኪናው ድምፅ ቆመ፤ ወንበር ሲወድቅ ሰማሁ። እናቴ ጩጬን ከእጄ ነጥቃ ጭኗ ላይ በሆዱ አስተኝታ ጀርባውን መታች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ አለቀሰ። እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ለቅሶ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም።

«ምን ሆነ?»

«ትን አለው።»

«አይዞሽ፣ አይዞሽ» አለች እሱን እየወዘወዘች። «ያጋጥማል። ቀስ በይ፣ እሺ?»

ያን ጊዜ አይዞህ ለማለት ተሳስታ መስሎኝ ነበር። አልተሳሳተችም፤ የምታባብለው እኔን ነበር።

ማፍሰስ ሁለተኛ አላስፈለገኝም። ከዚያ ወዲያ ኩባያዋን ገና ሲያይ ጩጬ ጀርባውን ቀስት አድርጎ ይጮኻል። እናቴ ስትሞክረው ይጮኻል፣ በማንኪያ ስትለው ይጮኻል፤ ፊቷን እስኪቧጭራት ድረስ። እናቴ ምን ነካብኝ እያለች ስትጨነቅ እኔ ጥጌን ይዤ አያለሁ። በቃ፣ ተረፈ እላለሁ።

ግን ይራባል። ስለዚህ ወንበር ላይ ወጥቼ ጡጦውን ከቁምሳጥኑ አናት አወርዳለሁ። ወተቱን ከድስቱ ቀንሼ እሞላና ጩጬን ይዤ አልጋ ሥር እገባለሁ። እዚያ አቧራና የአሮጌ ጫማ ሽታ አለ። የመኪናው ርግጫ በወለሉ በኩል ደረቴ ድረስ ይሰማኛል፤ መኪናው እስከተንኳኳ ድረስ ደህና ነን። እናቴ ክር ልትቀይር ባቆመች ቁጥር ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ጩጬ ግን ጸጉሬን ጨብጦ በዚያ በሰፊው ቀዳዳ እያንቋረረ ይጠጣል። «ዝም በል የኔ ጌታ፣ ይሰሙሃል» እለዋለሁ። እንዲህ ዐሥራ ሦስት ቀን።

ሐኪሞቹ ሊመጡ ሳምንት ሲቀራቸው ሲስተር መጣች። ጩጬ ኩባያዋን ሲያይ ሰፈሩን በጩኸት አናወጠው።

«እንዴት ነው ነገሩ?» አለች።

«በአምስት ቀን ለምዶ ነበር እኮ» አለች እናቴ። «አንድ ቀን ትን አለው። ከዚያ ወዲህ እንቢ ነው።»

ሲስተር ጩጬን ሚዛኗ ላይ ሰቀለችው። ቁጥሩን አየች፤ ዝቅ ብላ ደግማ አየች።

«ኪሎው ጨምሯል» አለች።

እናቴ ፈገግ አለች። «ተመስገን።»

«ምኑ ነው ተመስገን? ሁለት ሳምንት ኩባያም ማንኪያም እንቢ ያለ ልጅ በምን ይጨምራል? በአየር?» ሲስተር ወደ ቁምሳጥኑ አናት ቀና አለች። ጡጦው እዚያ አልነበረም። ያን ቀን ጠዋት ጫማዋ ሲሰማኝ ደንግጬ አልጋው ሥር ጥዬው ነበር የወጣሁት። «ማነው ጡጦ የሚሰጠው?»

ጆሮዬ ጋለ። ቀሚሴ ላይ፣ ጸጉሬ ላይ ወተት ነበር፤ ለራሴ ይሸተኛል። እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። ለምን ያህል ጊዜ እንዳየችኝ አላውቅም፤ ለኔ ክረምት ያህል ረዝሟል። ዓይኗ ከፊቴ ወደ ጉልበቴ ወረደ። ጉልበቴ ላይ የአልጋ ሥር አቧራ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ምን?»

«ሲራብ አንጀቴ አልቻለም። እኔ ነኝ የሰጠሁት።»

ሲስተር የተናገረችውን ሁሉ አልደግመውም። «አንቺ ሴት፣ የልጅሽን ዕድል በገዛ እጅሽ!» ያለችው ግን ጆሮዬ ላይ አለ። እናቴ እጇን አጣምራ፣ አንገቷን ደፍታ ቆመች፤ እንደ ተማሪ። አባቴም ቅዳሜ መጥቶ ሲሰማ «ሰው እንዴት አንድ ወር መጨከን ያቅተዋል?» ብሎ ሳያናግራት ሁለቱን ቀን ጨርሶ ሄደ።

ሲስተር እንደወጣች እናቴ ተንበርክካ ጡጦውን ከአልጋ ሥር አወጣችው። አጠበችው። ጠረጴዛው ላይ፣ በግልጽ አስቀመጠችው። አንዲት ቃል አልተናገረችኝም። እኔ ግን ሳቅኩላት። እሷም የገባት መሰለኝ፤ ልጃችንን ከዚያች ሴት የምናስጥል ሁለት ሆንን ብዬ ነበር የሳቅኩት። እሷ አልሳቀችም። ጩጬን አንስታ፣ ጡጦውን አፉ ላይ አድርጋ፣ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ሐኪሞቹ የመጡ ጊዜ የሆስፒታሉ ነጭ መኪና ከታች ሰፈር ሌላ ልጅ ይዞ ሄደ። ከመስኮቱ አየሁት። ጩጬን አቅፌ ዘፈንኩለት።

ሐኪሞቹ እንደገና እስኪመጡ አራት ዓመት አለፈ። በዚያ መሃል ጩጬ መናገር ጀመረ። ዳቦን «ናሞ» ይላል፤ ባቡርን «ማሙር»። ሱቅ ስንሄድ አስተርጓሚው እኔ ነኝ። ያ ከታች ሰፈር የሄደው ልጅ ከወር በኋላ ተመልሶ ነበር፤ በኋላ ከኔ ወንድም ጋር አንድ ክፍል ተማሩ። ኳስ ሜዳ ላይ «አፍንጫው!» እያለ የሚጠራው እሱ ነበር፤ በጠራ፣ በሚያምር ድምፅ።

ጩጬ ሲሰፋ አምስት ዓመት አልፎታል። ያንን ሳምንት እንዴት እንዳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ሲስተር ይዛው ስትመለስ ብርድ ልብሱን አየሁ፤ ውስጡ ግን እሱ ነበር፤ ከንፈሩ አብጦ፣ ዓይኑ ተከፍቶ። «እንግዲህ ላንቃው ተዘግቷል» አለች ለእናቴ። «ንግግሩ ግን… ገና በሕፃንነቱ ቢሆን ኖሮ አፉ በትክክል ይለምድ ነበር። አሁን በዚያው ለምዷል።» የእናቴ እጅ ትከሻዬን ፈልጎ መጣና ጭምቅ አደረገኝ። ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ያኔ ነው ሁሉም ነገር የገባኝ። ሆድ ይፍጀው ብላ ኖረች፤ እኔም እንደዚያው። ሳንነጋገር ሞተች።

ወንድሜን ባለፈው ዓመት ጉበቱ አስተኛው። ሆስፒታል ከገባ በኋላ ጭንቅላቱን ማንሳት አቃተው። ነርሶቹ በመምጠጫ እንዲጠጣ ሰጡት፤ ለሱ ላንቃ ግን መምጠጫ አልሆን አለ፣ ከተሰፋም በኋላ አየሩ በአፍንጫው ይወጣበታል። ተናደደ። እኔ ከታች ካለው ሱቅ የፕላስቲክ ኩባያዎችና መቀስ ገዝቼ መጣሁ። ጠርዙን እንደ ግማሽ ጨረቃ ቆረጥኩት። ሁለት ኩባያ አበላሸሁ። ሦስተኛውን ታች ከንፈሩ ላይ አሳርፌ ጠበቅኩ። መጣ። ጠጣ።

«የት ተማርሽው?» አለኝ።

«አንድ ነገር ልነግርህ ነው።»

«ስለ ጡጦው ከሆነ አውቃለሁ።»

ኩባያው ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። «ማን ነገረህ?»

«እማዬ። ልትሞት ሰሞን። እንዳትነግራት ብላ አስምላኝ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ልጅ ነበረች፣ ቀንታ ነው አለችኝ።»

«ቀንታ?»

«አሁንማ አትካጂ! እኔ ስመጣ ጭኗ ላይ የነበረሽን ቦታ አጣሽ። እኔ ብሆን እኔም እቀና ነበር።»

ስለ ሚጢጢ ነገርኩት። ስለ ብርድ ልብሱ፣ ስለ መርፌው፣ «ጎበዝ» ስላልኩበት ቀን። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። የተኛ መስሎኝ ነበር።

«እንዳይወስዱኝ ነው?» አለ።

«እንዳይወስዱህ።»

«እማዬ ይህን ሳታውቅ ሞተች በያ።»

«መች ጠየቀችኝ?»

«አንቺስ መች ተናገርሽ?» ሆዱ ሲነቃነቅ አየሁ፤ እየሳቀ ነው። «እኔም እኮ ቀናተኛ እህት አለችኝ ብዬ ስኮራ ነው የኖርኩት።» ሳቁ ቆመ። በሩ በኩል አልጋ የሚገፋ ሰው እያለፈ ነበር፤ የጎማው ድምፅ እስኪርቅ ጠበቀ። ከዚያ በዚያ በአፍንጫው ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ «አሁንስ ይወስዱኛል?» አለኝ።

«አላውቅም።»

«እስቲ ኩባያውን አፍስሺብኝ» አለ። «ምናልባት እንደዚያን ጊዜው ይተዉኝ ይሆናል።»

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ትንፋሹ እየራቀ ነበር። ከንፈሩ ደርቋል። ኩባያዬን አነሳሁ፣ ጠርዙን ታች ከንፈሩ ላይ አሳረፍኩ፣ ውኃው ከንፈሩን እስኪነካ ብቻ አዘነበልኩ። አላፈሰስኩበትም። ተረኛዋ ነርስ መጥታ እጁን ያዘች። ቆየች። ከዚያ እጇን ክንዴ ላይ አደረገች።

«እህቴ፣ በቃ» አለችኝ።

«ትንሽ ታገሺኝ» አልኳት። «እሱ ይምጣ።»